ጂጂ የበዓል መለከት አይደለችም

እጅጋየሁ ሽባባው፣ ሁላችንም ጂጂ የምንላት፣ «የሀገር ፍቅር ዘፋኝ» ናት ይባላል። ይህን የሚለው አንድ ሰው ቢሆን በዝምታ ይታለፍ ነበር። የሚሉት ግን የሬዲዮ አቅራቢዎች፣ የበዓል አዘጋጆች፣ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያዎች፣ መድረክ ላይ የወጡ ባለሥልጣናትና እኛው አድማጮቿ ነን። የካቲት 23፣ የአድዋ ድል በዓል፣ ሲደርስ «አድዋ» የተባለው ዘፈኗ ይከፈታል። የሕዳሴው ግድብ ስም ሲነሳ «ዓባይ» ይከፈታል። በዓሉ ሲያልፍ ጂጂም አብራ ታልፋለች። እኔ የምሟገተው ከዚህ ልማድ ጋር ነው። ጂጂ ከሁሉ አስቀድሞ ለአንድ ሰው ጆሮ የምታዜም፣ ግጥሟንና ዜማዋን ራሷ የምትደርስ፣ የቆየውን የሀገር ዜማ በለስላሳ ድምፅ የምታድስ ሙዚቀኛ ናት። መለከት ያደረግናት እኛ ነን።

ነገሩን ከቆሰበር፣ ማለትም ከአዊዋ እንጅባራ፣ ሆኖ ማንሳት የራሱ ምክንያት አለው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አውራ ጎዳና ቆሰበር ላይ ሲደርስ አንዱ ቅርንጫፉ ወደ ምዕራብ ይገነጠልና ወደ ቻግኒ ይወርዳል፤ ከቻግኒ አልፎ በግልገል በለስ በኩል ግድቡ ያለበት ጉባ ይደርሳል። ጂጂ እ.ኤ.አ. በ1974 የተወለደችው በዚያው መንገድ ላይ፣ ቻግኒ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብረው እዚሁ እንጅባራ ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዓሉም ፈረሶች በአድዋ ዘመቻ የዋሉትን ውለታ የሚዘክር ነው። እንግዲህ «አድዋ» የእኛ፣ «ዓባይ» የእኛ፣ ዘፋኟም የእኛ። ሦስቱን አንድ ላይ አስሮ ሞንታርቦ ላይ የመጫን ፈተና ከማንም ይልቅ የአዊን ሰው ይፈትነዋል። ስለዚህ ወቀሳው ከራሳችን ደጅ ቢጀምር ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ ሥራዎቿን እንያቸው። ጂጂ ልጅ ሳለች ዜማ የተማረችው በቤተሰቧ ቤት ከነበሩ ቄስ ነው፤ ያውም ለሴት ልጅ በቅኔ ማኅሌት ቦታ በሌለበት ሥርዓት ውስጥ። ጥቂት ዓመታት ኬንያ ከኖረች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1998 አካባቢ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደች። በእነዚያው ዓመታት «ጸሐይ» እና «ዋን ኢትዮጵያ» የተባሉ ካሴቶቿ ወጡ። ቀጥሎ ቦብ ማርሌይን ለዓለም ያስተዋወቀው ክሪስ ብላክዌል ፓልም ፒክቸርስ ለተባለው ድርጅቱ አስፈረማት፤ እ.ኤ.አ. በ2001ም በስሟ የተሰየመው አልበም ወጣ። በዚህ አልበም ውስጥ ምን ምን አለ? «ጉድ ፈላ»፣ «መንገደኛ»፣ «ተው አንተ ሰው»፣ «ባለዋሽንቱ»፣ «ጉራማይሌ»፣ «ዓይናማ»፣ «ካህን»፣ «ዞማዬ»፣ «አቤት ውበት»፣ «ናፈቀኝ» አሉ። ፍቅር፣ ተግሣጽ፣ መንገድ፣ ውበት፣ እምነትና ናፍቆት ማለት ነው። «ዓባይ» በመካከል ይገኛል፤ «አድዋ» መዝጊያው ነው። አድማጩ «አድዋ» ላይ የሚደርሰው ያን ሁሉ የግል ስሜት ተሻግሮ ነው። እኛ ግን መዝጊያውን ቆርጠን ወስደን የቀረውን ጣልነው።

አሁን «አድዋ»ን ራሱን ቀርበን እንስማው። ጎጃም የቀረርቶ፣ የሽለላና የፉከራ ሀገር ነው። ፎካሪ ሲፎክር ስሙን ይጠራል፤ አባቱንና የፈረሱን ስም ይጠራል፤ የጣለውን ይቆጥራል። አቅራሪ ድምፁን ያለ ምት ስቦ ከፍ እስኪል ያወጣዋል፤ ሰሚው ደሙ ይፈላል፣ ዱላውን ይጨብጣል። ይህ ሙያ ነው፤ የከበረ ሙያ። ቻግኒ ያደገች ልጅ ይህን ሳትሰማ አላደገችም። ስለ ጦርነት ልትዘፍን ስትነሳ ግን ቀረርቶውን እያወቀች ተወችው። ዘፈኑ የሚነሳው ከድሉ ሳይሆን ሰው ከመሆን ክብር ነው። ቀጥሎ ሌላው እንዲኖር ሲል የሞተው ሰው ይመጣል። ከዚያ በኋላ ነው «እኔ» የምትለው፤ ይህች «እኔ» ደግሞ የተዋጋች ሳትሆን በሌላው ደም የተገዛ ነፃነት የተሰጣት ናት። ፎካሪ ሌላውን ባለዕዳ ያደርጋል፤ እሷ ራሷን ባለዕዳ አድርጋ ቆመች። አድዋን የምትጠራውም ምስክርነት እንድትሰጥ ነው። ዜማው ከፍ በሚልበት ቦታ እንኳ ድምፅዋ አይገፋም፤ ስንኞቹ መጨረሻቸው ላይ ይለዝባሉ። ይህ ዘፈን ምስጋና ነው፤ ምስጋና ደግሞ አይጮህም።

በዚህ ዘፈን ሰልፍ ማድመቅ ማለት እንግዲህ ዘፈኑ ሆን ብሎ የተወውን ነገር መልሶ መጫን ነው። በዓል አዘጋጁ የሚፈልገው ወኔ ከሆነ ቀረርቶ ሞልቷል። ፉከራ የሚያውቁ አባቶች ዛሬም በየወረዳው አሉ። ጥር 23 ቀን ፈረሱ በመርገፍ አጊጦ፣ ጋላቢው አለንጋውን ይዞ ሲሸመጥጥ ከፉከራ የሚስማማ ሌላ ምን አለ? ለዚያ ሜዳ የተሠራ ሙዚቃ እያለን፣ ለጆሮ የተሠራውን አውጥተን ሜዳ ላይ እንበትነዋለን።

መበተን ያልኩት ለማጋነን አይደለም። በበዓል ቀን ፒካፕ መኪና ላይ የሚጫነውን ሞንታርቦ የሰማ ሰው ያውቀዋል። የመሣሪያው ሥራ ድምፅን ሩቅ ማድረስ ነው፤ ሩቅ የሚደርሰው ደግሞ መካከለኛውና ስለታሙ ድምፅ ነው። ታች ያለው ባስ ይጠፋል። ከሁሉ በፊት የሚጠፋው ግን ትንፋሹ ነው። ለስላሳ ድምፅ ያለው ዘፋኝ የሚሠራው ግን በዚያው ትንፋሽ ነው። ቃሉን ከመጀመሯ በፊት ያለችው ትንሽ መዘግየት፣ ፊደሉ ሲያልቅ የሚቀረው ጭላንጭል፣ አንዱን ሐረግ በእርጋታ ይዛ ወደሚቀጥለው የምታሻግርበት መንገድ ማይክራፎን አጠገብ ሆኖ የተቀረጸ ነው። በሞንታርቦ ሲወጣ ይህ ሁሉ ይበላል። የሚቀረው ግጥሙ ነው፤ ከግጥሙም «ኢትዮጵያ» እና «አድዋ» የሚሉት ቃላት። ከዚያ በኋላ ነው «የሀገር ፍቅር ዘፋኝ ናት» የምንለው። አድማጩ የሰማው ሁለት ቃል ከሆነ ምን ይበል? 

«ዓባይ» የደረሰበት ደግሞ ይብሳል። ዛሬ ብዙ ወጣት ይህ ዘፈን ለግድቡ የተሠራ ይመስለዋል። የግድቡ መሠረተ ድንጋይ የተቀመጠው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ዘፈኑ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001፣ መሠረተ ድንጋዩ ከመቀመጡ አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ጂጂ የዘፈነችው ከገነት ፈለቀ የሚባለውን፣ በኦሪት ዘፍጥረት ግዮን ተብሎ የተጠራውን፣ የማያረጀውን ውበት ነው። ከቆሰበር ብዙም በማይርቀው በሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ላይ፣ ሰው ጠበል ብሎ የሚጠመቅበትን ውሃ ማለት ነው። ይልቁንም ዘፈኑ ውስጥ ማንም የበዓል አዘጋጅ የማያስተውለው ነገር አለ፤ ወንዙን ሲነኩት ታች ያለው የበረሃ ሰው እንደሚያመው፣ ኑሮውም በዚህ ውሃ ላይ መሆኑን ታነሳለች። የወንዙን ቸርነት ታወድሳለች፣ መዘዙንም ትጠቁማለች። በአንድ ዘፈን ውስጥ ውበትን፣ ባለቤትነትንና የጎረቤትን ሕመም አንድ ላይ መያዝ የትልቅ ገጣሚ ሥራ ነው። በመፈክር መካከል ሲከፈት ከሦስቱ ሁለቱ ይጠፋሉ።

በግድቡ ደስ አይበለን አላልኩም። ደስ ይለናል፤ ቦንድ የገዛ፣ ከደመወዙ ያስቆረጠ ሁሉ ደስ ሊለው ይገባል። ግድቡ የራሱ ዘፈኖች አሉት፤ ብዙ ሙዚቀኞች ለእሱ ብለው ሠርተዋል። ከእነዚያ አንዱን መክፈት ይቻላል።

«የሀገር ፍቅር ዘፋኝ» ከሚለው አመለካከት ጋር ተያይዞ የሚሄድ ሁለተኛ ወሬ አለ፤ «ጂጂን ፈረንጅ ነው የሠራት» የሚለው። የ2001ዱን አልበም ያዘጋጀው፣ በኋላ የትዳር ጓደኛዋ የሆነው ቢል ላስዌል ነው። አብረው የተጫወቱት ደግሞ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮ ሳንደርስና ሄንሪ ትሬድጊል ናቸው፤ በጃዝ ዓለም ከእነዚህ የሚበልጥ ስም መጥራት ይከብዳል። አልበሙ ውጭ ሀገር ሲደነቅ እዚህ ቤት «ባህላችንን አበላሸች» የሚል ጉምጉምታ አስነሳ። ያኔ ያጉረመረመው ሰው ዛሬ የዚያኑ አልበም መዝጊያ በበዓል ቀን ከፍቶ ደረቱን ይነፋል። ይህን ዝም ብዬ አላልፈውም፤ ምክንያቱም ሁለቱም አስተያየቶች ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ያኔም ዛሬም ዘፋኟን አልሰማናትም። ያኔ ጀርባዋ ያለውን መሣሪያ ሰማን፤ ዛሬ ፊቷ ያለውን ባንዲራ እናያለን።

ላስዌል ሠራት ለሚል ሰው እ.ኤ.አ. 2003 በቂ መልስ ነው። በዚያ ዓመት ሁለት ሥራዎች ወጡ። አንዱ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ነው፤ ላስዌል የ2001ዱን አልበም እንደገና አቀናብሮ፣ ድምፅዋን ወደ ኋላ ስቦ፣ አንዳንዴ ብቻ እንደ ጉም ብቅ እንዲል አድርጎ ያወጣው። ላስዌል ጂጂን ሲቀንስ ምን እንደሚቀር እዚያ ላይ ይሰማል፤ የተዋበ ጭጋግ ነው የሚቀረው። ሁለተኛው በአቢሲኒያ ኢንፊኒት ስም የወጣው «ዛዮን ሩትስ» ነው። እዚያ ኤሌክትሮኒኩ ገለል ብሎ ሙዚቃው በአኩስቲክ መሣሪያዎች ተሠራ፤ ድምፅዋም ወደ ፊት መጣ። አቀናባሪው ያው ነው፣ ዓመቱ ያው ነው። ሁለቱን ይበልጥ የለያቸው የእሷ ድምፅ ያለበት ቦታ ነው። እሷ ስትቀር ሥራው ስም የለሽ ይሆናል፤ እሷ ስትመጣ የሀገር ቤት ይሆናል። ክርክሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለኛል።

«ዛዮን ሩትስ» ላይ ትንሽ እንቆይ፤ «የሀገር ፍቅር ዘፋኝ» የሚለው ማዕረግ የጋረደው ትልቁ ሥራዋ እሱ ነውና። አልበሙ «ባቲ ባቲ» ብሎ ይጀምራል። «አባ ዓለም ለምኔ»ም እዚያ አለ፤ ሠርግ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ በየአዝማሪው አፍ ሲዞር የኖረ የሀገር ዘፈን። እነዚህ የማንም ያልሆኑ፣ የሁሉም የሆኑ ዜማዎች ናቸው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የምንላቸው አራቱ ቅኝቶች የአንድ ዘፋኝ ሚዛን ናቸው። አዲስ ዘፈን ይዞ የመጣ ሰው በዜማው አዲስነት ሊያታልለን ይችላል። ሁሉም ሰው የዘፈነውን የሚዘፍን ግን መደበቂያ የለውም። ሁላችንም ዜማውን እናውቀዋለን፣ የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ እንጠብቃለን፤ ስለዚህ የምንሰማው አዘፋፈኑን ብቻ ነው። ጂጂ የወሎን «ባቲ» የጎጃም ልጅ ሆና ያዘችው፤ ጌጡን ቀነሰች፣ ለዜማው ቦታ ሰጠችው። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» ደግሞ «አምባሰል»ን ይዛ መጣች፤ በዚህኛው ከዘመናዊ ምት ጋር። በሁለቱም ዜማው አልተሰበረም። የቆየ ዜማን ያለ ጩኸት መልሶ አዲስ ማድረግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቀው የሞከረው ነው።

እኛ ሀገር ለስላሳ ድምፅ ብርቅ አይደለም። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ይዛ ስታዜም የጮኸችበት ጊዜ አልነበረም፤ ሆኖም የሰማት ሰው አይረሳትም። በዓለምም ብንሄድ የብራዚሉ ዣው ዥልቤርቱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ቦሳኖቫን ያመጣው በሹክሹክታ ነው። ጊታሩንና ድምፁን እኩል አድርጎ፣ የቆየውን ሳምባ ቀስ ብሎ ዘፈነው። ብራዚላውያን ለዚህ ሰው የሰጡት ማዕረግ ዘፈንን አዲስ ያደረገ ሙዚቀኛ የሚል ነው። ጂጂም ከዚህ የሚያንስ አይገባትም።

እዚህ ላይ ተከራካሪዬ የሚያነሳው ጠንካራ ነጥብ አለ፤ አልሸሸውም። «ካሴቷን ዋን ኢትዮጵያ ያለችው ራሷ ናት፤ የዛዮን ሩትስ መዝጊያ ኢትዮጵያ የሚል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ማቴሪያል ከተባለው ባንድ ጋር ያወጣችው የመድረክ ሥራም ምስጋና ኢትዮጵያ ይባላል፤ ታዲያ የሀገር ፍቅር ዘፋኝ ካልሆነች ምንድን ናት?» ይለኛል። እውነት ነው፣ ሀገሯን ትወዳለች። ሀገሩን የሚወድ ሰው ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ሀገሩ ውስጥ ቆሞ «ማን ይደፍረኛል» የሚል አለ፤ ከሀገሩ ርቆ የእናቱን ቤት ደጃፍ የሚያስብ አለ። ጂጂ ሁለተኛዋ ናት። «ናፈቀኝ»ን የሰማ ይህን አይስትም፤ የናፈቃት የልጅነት ቤቷ ነው። አብዛኛውን ሥራዋን የሠራችው በስደት ሆና ነው። የስደተኛ ናፍቆት ባንዲራ ሲያለብሱት ሌላ ነገር ይሆናል። በሞንታርቦ የማይሰማው ይህኛው ፍቅር ነው፤ ለእኛ ለቀረነው ደግሞ ብዙ የሚያስተምረን እሱ ይመስለኛል፤ አጠገባችን ያለውን ሰውና ደጃፍ ማየት ያስለምደናልና።

«ታዲያ ጉዳቱ ምንድን ነው? ወጣቱ በዘፈኑ አድዋን አወቀ፣ ይበቃል» የሚልም አለ። ጉዳቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አንድ ሙዚቀኛ በሁለት ዘፈን ስትመነዘር ሌላው ሥራዋ ቀስ በቀስ ከጆሮ ይወጣል። ዛሬ «አድዋ»ን ከቃል እስከ ቃል የሚያውቅ ወጣት «ዛዮን ሩትስ» የሚባል አልበም መኖሩን ላያውቅ ይችላል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ «አድዋ» ራሱ ትርጉሙን ያጣል። ሰው ለሰው ስለ መሞቱ የተዘፈነ ዘፈን እኛ ባለንበት ዘመን፣ ወገን ከወገን በሚጋደልበት ዘመን፣ ሊያሳፍረንና ሊገሥጸን ይገባ ነበር። እኛ ግን ሰምተነው ይበልጥ እንኮራለን። የመጀመሪያዎቹን ስንኞች አስተውሎ የሰማ ሰው ከመኩራቱ በፊት አንገቱን የሚደፋ ይመስለኛል።

በመጨረሻ «የት ጠፋች? ለምን አትሠራም? ተሰጥኦዋን አባከነች» የሚለው አለ። ይህ የከተማ ወሬ ስለ ጤናዋና ስለ ትዳሯ እስከ መፈትፈት ይደርሳል። ወሬውን ለባለወሬ ትቼ ስለ ሥራው ልናገር። አልበም በአልበም ላይ አልደረደረችም፤ አዎ። ከላይ የዘረዘርኳቸውን ሥራዎች አንድ በአንድ የሰማ ሰው ግን «ባከነ» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። ይህ በሽታችን አዲስ አይደለም። ሌላው የጎጃም ልጅ፣ ሌላው ባለ ለስላሳ ድምፅ ሙሉቀን መለሰ፣ ለሃይማኖቱ ሲል ዓለማዊ ዘፈንን ተወ። በ2016 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ እስኪያርፍ ድረስ የሚጠየቀው መቼ ተመልሶ እንደሚዘፍን ነበር። የሰጠውን ተቀብሎ «እግዜር ይስጥልን» ያለው ጥቂት ነው። ዘፋኝ ዝም ሲል ዕዳ እንደቀረበት የምንቆጥር ሕዝብ ሆነናል። አበው ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የጂጂ ዝምታም ሥራዋን አላነቀዘውም፤ የሚያነቅዘው የእኛ አለመስማት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ወደ ራሳችን ልመልሰው። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አለን፤ የግጥምና የባህል ጥናት የሚሠሩ ተማሪዎች ይህን ሁሉ ሥራ ከዘፈን ዘፈን ቢያጠኑት ማን ይከለክላቸዋል? የአካባቢያችን ሬዲዮዎች ዓመት ጠብቀው ሁለት ዘፈን ከሚከፍቱ አንድ ምሽት ሙሉ አልበም ቢያሰሙ ምን ይጎዳቸዋል? የሙዚቃ ክበብ ያላቸው ትምህርት ቤቶች «ባቲ»ን በጂጂና በሌሎች ዘፋኞች አዘፋፈን አስተያይተው ቢያሰሙ ልጆቹ በአንድ ክፍለ ጊዜ ስለ ቅኝት ብዙ ይማራሉ። ቻግኒና ቆሰበር ሊያከብሯት ካሰቡ ሐውልት ማቆም የለባቸውም፤ ጥሩ ድምፅ ማጫወቻ ያለው ጸጥ ያለ አዳራሽና የሚሰማ ሰው ይበቃል። የፈረሰኞቹ በዓል ደግሞ ለፉከራ፣ ለቀረርቶና ለፈረሱ ይተው፤ እነሱም ክብራቸው ይጠበቅ።

አንባቢ ሆይ፣ በመጪው የካቲት 23 «አድዋ»ን አትክፈቱ አልልም። ክፈቱት፤ ግን ከ«ጉድ ፈላ» ጀምራችሁ፣ በቤታችሁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ስሙት። ስሙት እንጂ አታድምቁበት። እዚያ ስትደርሱ የምታገኟት ጥሩምባ ነፊ አይደለችም፤ ከቻግኒ የወጣች፣ ኢትዮጵያ ካፈራቻቸው ታላላቅ የግጥምና የዜማ ደራሲዎች አንዷ ናት። ትክክለኛው ማዕረጓ ይህ ነው።